መስከረም አንድ አጥቢያ

«አጥቢያ?» ብዬ ጠየቅሁ።

«አዎ፣ አጥቢያ ላይ ነው» አሉ ሴትየዋ።

«የትኛው አጥቢያ?»

«የመስከረም አንድ።»

በከተማችን እንዲህ የሚባል አጥቢያ የለም። ዝርዝሩን በቃሌ አውቀዋለሁ፤ ታች ሲቀላ ውስጥ አሥራ ዘጠኝ፣ ላይ ሴቻ ውስጥ ሃያ ሁለት፣ በድምሩ አርባ አንድ ናቸው። ስለዚህ የጠየቅኋቸው የሚኖሩበትን ሰፈር እንደሆነ አስረዳኋቸው። ድምፄን ግን አልጨመርኩም። ዕለቱ ጳጉሜ አንድ ነበር፤ በጳጉሜ ድምፅ መጨመር አይፈቀድም።

ሴትየዋ ደግሞ ልጃቸው የተወለደችበትን ሰዓት የጠየቅኋቸው መስሏቸው ነበር። «ለመስከረም አንድ አጥቢያ» አሉኝ እንደገና፣ ለእንግዳ መንገድ እንደሚያሳይ ሰው ቀስ ብለው። «ሊነጋ ሲል። ስሟንም ወጋገን ያልናት ለዚህ ነው።»

ሁለታችንም ያለ ድምፅ ሳቅን።

መዝገቡን ስከፍት ከዘጠኝ ዓመት በፊት አንድ ሌላ ጸሐፊ ልክ እንደኔ ተሳስቶ እንደነበር አየሁ። ወጋገን ኦይሳ። እናት፦ ዘነበች ዳና። አጥቢያ፦ መስከረም አንድ። አዋላጇ የነገረችውን ሰዓት የሰፈር ስም አድርጎ ጽፎታል። የትውልድ ቀን የሚለውን ቦታ ባዶ ትቶታል። መዝገቡ ባዶ ቦታ ስለማይወድ በዚያ ሌሊት ተረኛ የነበረውን ቀን ራሱ ሞልቶበታል፤ ጳጉሜ 6 ቀን 2087 ዓ.ም.።

እንግዲህ ወጋገን በአራት ዓመት አንዴ በሚመጣ ቀን ተወልዳ፣ በሌለ ሰፈር ትኖር ነበር። የክትባት ጥሪዋና የትምህርት ቤት ደብዳቤዋ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ወደ መስከረም አንድ ተልኮ ተመልሷል።

ሰፈሩ ለወይዘሮ ዘነበች ምናቸውም አልነበረም። የመጡት ስለ ቀኑ ነው።

ሴት ልጆች ዘጠኝ ዓመት በሚሞሉበት ዓመት፣ በሩፋኤል ቀን፣ ለሣሩ ይለካሉ። በአንድ ዓመተ ምሕረት የተወለዱ በአንድ ቀን ይለካሉ፤ ዘንድሮ፣ በ2096፣ ተራው የሰማንያ ሰባቶቹ ነው። መለኪያው ወር አይጠይቅም። የሚያየው ቁመትን፣ የጭን ጉልበትንና የሳንባን ስፋት ነው። ከየአጥቢያው አንደኛ የሆነችው ሣሩ ላይ ትቀራለች፤ እዚያው ትማራለች፣ እዚያው ታድራለች፣ ኳስ ትጫወታለች። ከመስከረም አንድ ጀምሮ ደግሞ ያልተመረጡት ኳስ ሲነኩ ኳሱ ይተነፍሳል።

እኔ የነሐሴ 29 ልጅ ነኝ። በዘጠኝ ዓመቴ፣ በእንቁጣጣሽ ማግስት፣ ግቢያችን ውስጥ ኳስ ረገጥኩ። እፍ አለ፤ እንቅልፍ እንደወሰደው ሰው። ከዚያ ወዲህ አልነካሁም።

መለኪያው ወር ባይጠይቅም በዚያ ዕድሜ የመስከረም ልጅ ከነሐሴ ልጅ ብዙ ጊዜ በግማሽ ጭንቅላት ትበልጣለች። ሰው ይህን ለማወቅ ጊዜ አልፈጀበትም። ሠርግ ከጥር ወጥቶ ኅዳር መባቻ ላይ ተጨናነቀ፤ የገና ጾም ሳይገባ እንዲያልቅ። ፅንሱ በጾሙ ውስጥ ስለሚውል ቀሳውስቱ ለጥቂት ዓመታት ቅር ተሰኝተው ነበር፣ ኋላ ተዉት። ሆስፒታሎች ማቆያ ከፈቱ። ከነሐሴ አጋማሽ ጀምሮ ነፍሰ ጡሮች ደብዛዛ ሰማያዊ ብርሃን ባለበት ክፍል በጎናቸው ተኝተው መስከረምን ይጠብቃሉ። እነሱ እንዳይደነግጡ በጳጉሜ ከተማው ዝም ይላል። መኪና ጡሩምባ አይነፋም። ጫሞ ሐይቅ ላይ ጀልባ በመቅዘፊያ ካልሆነ አይሄድም። ደወሎች በጋቢ ይጠቀለላሉ፤ ውሾች ገጠር ዘመድ ጋ ይላካሉ። ሩፋኤል ማኅፀን ይፈታል ስለሚባል በማቆያ ያሉ ሴቶች በዓሉ ሲደርስ ስሙን እንዳይጠሩ ይመከራሉ። አርባ ልጅ ባለበት ክፍል ሃያ ስምንቱ የመስከረም ናቸው፤ ስማቸውም ያንኑ ይመስላል። አደይ፣ ዕንቁ፣ መስከረም፣ ሌላ መስከረም።

በጳጉሜ የሚወለዱም አሉ፤ ጥቂት ናቸው። ሻጭ ሰፍራ ከጨረሰች በኋላ ጣል በምታደርገው ጭማሪ ስም «ምርቃት» ይሏቸዋል። እናታቸውን ደግሞ «አልያዘችም» ይሏታል። ከዚያ በላይ አይሉም። ይበቃል።

ወይዘሮ ዘነበች የአሣ መረብ ጠጋኝ ናቸው። ጣቶቻቸው ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጠው እንኳ የማይታይ ክር ይቋጥሩ ነበር። ማቆያው ውስጥ አሥራ አንድ ቀን ተኝተው እንደነበር፣ በነዚያ ቀናት ውሃ እንኳ በማንኪያ ይጠጡ እንደነበር፣ ልጅቷ የመጣችው መስከረም ሊነጋ ሲል እንደሆነ ነገሩኝ። ቀኑ ከተስተካከለ ወጋገን የሰማንያ ስምንት ልጅ ትሆናለች። ከነገ ወዲያ መለካቷ ቀርቶ አንድ ዓመት ታገኛለች፤ በዚያ ላይ ከእኩዮቿ ታላቅ ትሆናለች። ሁለተኛውን ምክንያታቸውን በቃል አልተናገሩትም።

ሕጉ ግልጽ ነው። ለአጥቢያ የተወለደ የሚነጋው ቀን ልጅ ነው። አዋላጇ ከመሰከረች ይታረማል። ሩፋኤል ዝግ ስለሆነ ለማረም የቀረን ማግስቱ፣ ጳጉሜ ሁለት፣ ብቻ ነበር፣ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት።

በማግስቱ ጠዋት አብሬያቸው ሄድኩ። ግዴታዬ አልነበረም፤ የቢሮው ኃላፊ ጋሽ ደምሴ ቃል ከአፍ ሲሰማ ይሻላል ብለው ፈቀዱልኝ። አዋላጇ፣ ሲስተር ባንቺአምላክ፣ ጡረታ ወጥተው ከሐይቁ በላይ ካለው ዳገት ላይ ይኖራሉ። መንገዱ በሰው ተሞልቶ ነበር፤ የሚሰማው ግን የጫማ ድምፅ ብቻ ነው። ባለ ባጃጆች ባጃጆቻቸውን በእጅ ይገፋሉ። አንድ ሰው አስነጠሰውና ዙሪያውን እያየ ይቅርታ ጠየቀ።

እየሄድን ስለዚያ ሰፈር አሰብኩ። አንድ ቤት ብቻ ያለበት፣ ሁልጊዜ ሊነጋ ትንሽ የቀረው ሰፈር። በሮቹ ላይ ቁጥር የለም። አንዲት ልጅ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብላ ፀሐይዋን ትጠብቃለች፣ ፀሐይዋም አትቸኩልም። ይህን ለወይዘሮ ዘነበች አልነገርኳቸውም። እንዲህ ዓይነት ነገር ለሰው አልናገርም።

ሲስተር ባንቺአምላክ ወዲያው አስታወሷቸው።

«ስድስት ነበራችሁ» አሏቸው። «አምስቱ ፀሐይ እስክትወጣ ያዙ። አንቺም ይዘሽ ነበር፣ እንቢ ያለችው ልጅቷ ናት። መስኮቱ መቅላት ሲጀምር መጣች።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ጸሐፊው ቢጠይቀኝ ‹ለመስከረም አንድ አጥቢያ› አልኩት። እናቴ የምትለውን ነው ያልኩት። ጎበዝ ልጅ ነበር፤ ወረቀቱ ላይ አጥቢያ የሚል ክፍት ቦታ አገኘና ሞላው።»

እኔ ሳቅሁ። ወይዘሮ ዘነበች አልሳቁም።

«እስቲ ይድገሙልኝ» አሉ።

«የቱን?»

«ይዘሽ ነበር ያሉኝን።»

ሲስተር ባንቺአምላክ ትንሽ አዩዋቸው። «ይዘሽ ነበር» አሉ። ከዚያ መነጽራቸውን አድርገው ወረቀቱ ላይ ፈረሙ።

ስንመለስ ከሐይቁ ዳር ባለው አፈር ሜዳ በኩል አለፍን። ወጋገንን ያየኋት እዚያ ነው። ሰማንያ ሰባቶቹ የመጨረሻ ሳምንታቸውን እየተጫወቱ ነበር። ከሁሉም አጭር ነች፤ ትልልቆቹ አጠገቧ ሲቆሙ ጥላቸው ይሸፍናታል። ሲጋጯት ስለምትወድቅ ኳስ እግሯ ሥር አታቆይም። ሳይደርስባት በፊት የት እንደምትልከው ታውቃለች። ሁለት ጊዜ ነካች፣ ሁለት ጊዜም ኳሱ ማንም ያላየው ክፍት ቦታ ላይ ደረሰ። እዚያ የሚጠብቅ ሰው ስላልነበረ ወደ ሐይቁ ተንከባለለ።

በጳጉሜ ልጆች የሚሰዳደቡት በሹክሹክታ ነው።

«አንቺ ምርቃት» አለቻት ከመስከረሞቹ አንዷ፣ ጆሮዋ ድረስ ጎንበስ ብላ። «ልደትሽ ዘንድሮ የት ሄደ? ጳጉሜ እኮ አምስት ናት።»

«እኔ በአራት ዓመት አንዴ ነው የማረጀው» ብላ መለሰችላት ወጋገን በሹክሹክታ። «አንቺ አሮጊት ስትሆኚ መጥቼ አሻግርሻለሁ።»

ልጆቹ እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ፤ የተሰደበችውም ጭምር።

ወደ ቢሮ ስንሄድ ወጋገን አጠገቤ መጣች። ወደ ሰማንያ ስምንቶች ላዞራት መሆኔ እውነት እንደሆነ ጠየቀችኝ። እናቷ እንደጠየቁ ነገርኳት።

«እነሱ እኮ ትንንሽ ናቸው» አለች።

«አዎ።»

«ማንም አይጋፋኝም ማለት ነው።»

ይህን ስትል ደስ ያላትም ቅር ያላትም አትመስልም ነበር። ለራሷ የምታስረዳ ነበር የምትመስለው።

ቢሮ ስደርስ የነገው ሰሌዳዎች ታትመው ጠበቁኝ። በየዓመቱ የማስተካክላቸው እኔ ነኝ። በሰሌዳው ላይ የአጥቢያው ስም ብቻ ይጻፋል፣ ልጆቹ ከኋላው ይሰለፋሉ። ስሞቹን የሚያወጣው መዝገቡ ራሱ ነው፤ በዚያ ዓመት ከተወለዱት መካከል ቢያንስ አንዲት ልጅ ያለችበትን አጥቢያ ሁሉ ያትማል። እየቆጠርኩ ደረደርኳቸው። አርባ ሁለት ሆኑ።

እንደገና ቆጠርኩ። ከኩልፎ ዳር አጥቢያ ቀጥሎ፣ እንደ ሌሎቹ በነጭ ላይ በአረንጓዴ፣ «መስከረም አንድ» የሚል ሰሌዳ ነበር።

ሰሌዳውን ከሌሎቹ ለይቼ አነሳሁት። ከዚያ ለጋሽ ደምሴ አሳየኋቸው። ጋሽ ደምሴ በዚህ ቢሮ ሠላሳ ዓመት ሠርተዋል፣ አንድ አባባልም አላቸው፤ «ያልተጠየቅሽውን አታርሚ፤ የተጠየቅሽውን አታዘግዪ።» ይህንኑ ነገሩኝ። ሰሌዳውን ስለማረም የጠየቀ ሰው አልነበረም። ቀኑን ስለማረም ግን ተጠይቄ ነበር፣ የሲስተር ባንቺአምላክ ፊርማም ጠረጴዛዬ ላይ ነበር። አንድ መስመር ለማረም ሲከፈት ደግሞ ሁሉም ነገር ይታረማል። ቀኑን ሳስተካክል መዝገቡ ሰፈሩንም ያያል፤ ወጋገን ቤታቸው ወዳለበት ወደ ኩልፎ ዳር ትዛወራለች፣ ሰሌዳውም ይጠፋል።

ሰዓቱ ዘጠኝ ተኩል ነበር። እናትና ልጅ በረንዳው ላይ ተቀምጠው ይጠብቁ ነበር። ጠራኋቸው።

«ከየአጥቢያው አንደኛ የሆነችው ናት የምትገባው» አልኳቸው። «መስከረም አንድ ውስጥ ያለችው እሷ ብቻ ናት።»

ወይዘሮ ዘነበች ሰሌዳውን አዩት። የአረንጓዴውን ቀለም ጠርዝ በጣታቸው ተከተሉ።

«ነገ መለኪያው እንዲህ ያለ ቦታ የለም ቢልስ?»

«አላውቅም።»

«ያኔ አለቀላት ማለት ነው። እንቁጣጣሽ ሲነጋ…»

«አዎ» አልኩ።

ሌላውንም ሳልደብቅ ነገርኳቸው። ቀኑ ከታረመ ወጋገን ኩልፎ ዳር ውስጥ ከሠላሳ አንድ ሰማንያ ስምንቶች ጋር ትሰለፋለች። ሃያ ሁለቱ የመስከረም ናቸው። እሷ ከሁሉም ታላቅ ብትሆንም ትልቅ አይደለችም፤ እናቷም አጭር ናቸው። አንድ ዓመት ኳስ ታገኛለች። ከዚያ በኋላ ያለውን ማንም አያውቅም። ቀኑ ካልታረመ ግን ጳጉሜ እንደሆነች ትቀራለች፤ እናቷም እንደተባሉት ይቀራሉ። ይህን የመጨረሻውን አልተናገርኩትም። መናገር አላስፈለገኝም።

ወይዘሮ ዘነበች ልጃቸው እንድትወስን ጠየቋት። ወጋገን አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፤ በዚያ ሰፈር ሌላ ሰው አለ ወይ? የለም አልኳት።

«ሰፈሬ ከሆነ ልሂድ እንጂ» አለች። ከዚያ ወደ እናቷ ዞረች።

ወይዘሮ ዘነበች ወረቀቱን ከጠረጴዛዬ ላይ አነሱት። ፊርማው ያለበትን ቦታ አነበቡት፣ ወይም የሚያነቡ መሰሉኝ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በገበያ፣ በዕድር፣ በውሃ ቦንቧ ወረፋ ያንን አንድ ቃል ሲሰሙ ኖረዋል። ስምና ቀን ያለበት መልስ አሁን እጃቸው ላይ ነበር።

ለአራት አጠፉትና የመረብ መርፌያቸውን ወደሚያስቀምጡበት ቆርቆሮ ውስጥ ከተቱት።

«ተይው» አሉኝ። «ይሄ እኔ ጋ ይቀመጥ።»

አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን መዝገቡን ዘጋሁ።

በሩፋኤል ዝናብ ዘነበ። ሕፃናት እንደ ድሮው ልብሳቸውን አውልቀው ጠበሉ ይውረድብን እያሉ፣ ግን በሹክሹክታ፣ ውሃው ሥር ሮጡ። መለኪያው ሜዳ ዙሪያ ሦስት ሺህ ያህል ሰው ቆሟል። ማጨብጨብ ስለማይፈቀድ ሰው እጁን ከፍ አድርጎ ያወዛውዛል፤ ሦስት ሺህ እጅ በዝናብ ውስጥ ሲወዛወዝ ከሩቅ የሐይቅ ዳር ሸምበቆ ይመስላል። የጎሎቹ መረብ አዲስ ተጠግኗል። ማን እንደጠገነው አውቅ ነበር።

አጥቢያዎቹ በየተራ ገቡ። ልጆቹ በነጩ የመለኪያ ቅስት ሥር ሲያልፉ ብርሃኑ ከእግር እስከ ራስ ይወጣባቸዋል፤ አንዷ ጋ ሲደርስ አረንጓዴ ይሆናል፣ የቀሩት በጎን በር ይወጣሉ። ሳር ውሃ፣ አሥራ ስምንት ልጅ፣ አንድ አረንጓዴ። ኩልፎ ዳር፣ ሠላሳ አራት ልጅ፣ አንድ አረንጓዴ። በጎን በር የሚወጡት አያለቅሱም። በጳጉሜ አይለቀስም።

ከዚያ ሰሌዳ ያዡ «መስከረም አንድ» የሚለውን አነሳ። ከኋላው አንዲት ልጅ ብቻ ነበረች። ሰው እጁን አወረደ። ከየት ነው የመጣችው ብለው እርስ በርስ ሲጠያየቁ ሹክሹክታው እንደ ንፋስ ሜዳውን ዞረ። ወጋገን ፀጉሯ ከዝናቡ የተነሳ ግንባሯ ላይ ተለጥፏል። ቅስቱ ሥር ገብታ ቆመች። ብርሃኑ ከእግሯ ተነስቶ ትንሽ ወጣና ቆመ። ወረደ። እንደገና ወጣ፣ እንደገናም ቆመ። አንድ ነገር እንደጠፋበት ሰው ነበር የሚመስለው።

ወይዘሮ ዘነበች አጠገቤ ነበሩ። ቆርቆሯቸውን በሁለት እጃቸው ይዘዋል። ትንፋሻቸውን እንደያዙ ያወቅሁት እኔም ይዤ ስለነበር ነው።

ብርሃኑ ለሦስተኛ ጊዜ ወጣ። እስከ ራሷ ድረስ ሄደ፣ ከላይዋ ባለው ባዶ ቦታ ላይ ሌላ ሰው ፈለገ፣ ማንንም አላገኘም። አረንጓዴ ሆነ።

ወጋገን ወደ ሣሩ ገባች። ቀድመዋት የተመረጡት ልጆች ተሰብስበው ቆመው ነበር፤ ትከሻቸው ድረስ ነበረች። አንዷ ኳስ ሰጠቻት፣ በጣም ጠጋ ብላ፣ ልትጋፋት እንደፈለገች። ወጋገን ኳሱን አልያዘችውም። ልጅቷ ሳትደርስባት አሳለፈችው፣ ማንም ወዳላየው ክፍት ቦታ። በዚህ ጊዜ እዚያ አንዲት ልጅ ሮጣ ደረሰች።

ወይዘሮ ዘነበች እጃቸውን አላወዛወዙም። «ቸኩላ ነው የመጣችው» አሉ ቀስ ብለው። «እኔ ግን ይዤ ነበር።» አጠገባችን የቆሙ አንዲት ሴት ዞረው አዩዋቸው፣ መልሰውም ወደ ሜዳው ተመለከቱ።

መስከረም ሁለት ቢሮው ተከፈተ። ከተማው ድምፁን መልሶ አግኝቶ ነበር፤ ጡሩምባው፣ ደወሉ፣ ከገጠር የተመለሱት ውሾች። በቢሮው በር ላይ ሰባት እናቶች ተሰልፈው ጠበቁኝ። ስድስቱ የነሐሴና የጳጉሜ ልጆች ያሏቸው ነበሩ፤ ወደ መስከረም አንድ አጥቢያ ለመዛወር ምን እንደሚያስፈልግ ጠየቁኝ። ቅጽ አወጣሁላቸው። ሰባተኛዋም ያንኑ ጠየቁኝ፤ ልጃቸው ግን መስከረም ሁለት ቀን የተወለደች፣ ከእኩዮቿ ሁሉ ታላቅ ነበረች። ወረፋቸውን ጠብቀው ነበርና እሳቸውንም መዘገብኩ።